ደጅ የማያስጠና ዋና መሥሪያ ቤት

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ ከፍታውን በቆዳው ያውቀዋል። ዴራ ላይ ሙቀቱ ገና የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ነው። ኢተያ ሲደርስ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ጎንዴንና ቁሉምሳን ሲያልፍ ግራ ቀኙ እህል፣ ከእህሉም ማዶ እህል ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነር ከማሳ ማሳ ይዘዋወራል፤ ጆንያ የጫነ አህያና ጋሪ ከአይሱዙ ጋር መንገድ ይጋፋል፤ የገለባው ብናኝ አስፋልቱ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቆመው በጭላሎ ተራራ ሥር አሰላ ትመጣለች። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚህች ከተማ በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ንጉሠ ነገሥታዊው መንግሥት ከስዊድን ጋር በተፈራረመው ውል መሠረት አንድ ዋና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ስሙ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ነው፤ አገሬው ግን በአጭሩ ‹‹ካዱ›› ይለው ነበር። ገንዘቡ ከስቶክሆልም፣ ፈቃዱ ከአዲስ አበባ ቢመጣም ቢሮው፣ ወርክሾፑ፣ መጋዘኑና የባለሙያዎቹ መኖሪያ የተሠሩት አሰላ ላይ ነበር። ዛሬ ኩባንያዎቻችን ‹‹ኅብረተሰቡን የሚያገለግል ዋና መሥሪያ ቤት›› እንሠራለን ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ዋና መሥሪያ ቤት በእኛ አገር የራሱ የዘር ሐረግ አለው። ደጅ ጥናት የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በአፋችን የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዳይ ያለው ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ቀናት ተጉዞ፣ ጉዳዩን ከሚቆርጠው ጌታ ደጅ ይደርሳል። ደርሶም ወዲያው አይገባም፤ ይቀመጣል። መታየቱ ራሱ አቤቱታ ነው፤ በየቀኑ ታይቶ፣ ፊቱ ተለምዶ፣ አንድ ቀን ‹‹ይግባ›› ይባላል። ሥርዓቱ ቢሻርም ልማዱ ወደ ዘበኛው፣ ወደ ጸሐፊዋ፣ ‹‹ነገ ተመለስ›› ወደሚለው ቃል ተዛውሮ ኖሯል። ስለዚህ አንድ ድርጅት ለሕዝብ የተመቸ ዋና መሥሪያ ቤት ሠራሁ ሲል ከሕንፃው በፊት ደጁን ማየት ይገባል። ከፊቱ ያለው የአትክልት ቦታ፣ ምድር ቤቱ የሚከፈተው አዳራሽ፣ በየዓመቱ ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ደብተር መልካም ነገሮች ናቸው፤ ማንም ሊንቃቸው አይገባም። መለኪያው ግን እነሱ አይደሉም። ውሳኔው የሚያርፍበት ሰው ውሳኔው ከሚቆረጥበት ቤት ሄዶ በዚያው ቀን ቤቱ ሊመለስ ይችላል ወይ? ሲደርስስ ውሳኔውን የማስለወጥ ሥልጣን አለው ወይ? ዋና መሥሪያ ቤት ጎረቤት መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በእነዚህ ነው። አርሲ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ሁለተኛው ሳይመለስ ሲቀር ምን እንደሚደርስ ውድ ዋጋ ከፍላ አይታለች።

ካዱ የደጁን አቅጣጫ ገልብጦት ነበር። ገበሬው አሰላ ድረስ መጥቶ እንዲጠብቅ ከማድረግ ይልቅ ጭላሎ አውራጃን በክፍል በክፍል ከፍሎ የልማት ሠራተኛ አስቀመጠ፤ ጎረቤቶቻቸው ከመረጧቸው ገበሬዎች መካከል አርአያ የሚሆኑትን ለየ፤ ማዳበሪያና ዘር በብድር የሚሰጥ፣ በመከር ጊዜም እህሉንና ወተቱን የሚገዛ የንግድ ማዕከል በየአካባቢው ከፈተ። ለሴቶች የተለየ የቤት ኢኮኖሚ ትምህርት ነበረው፤ የውኃ፣ የጤና፣ የመንገድና የችግኝ ሥራ ነበረው። በመጀመሪያው ዓመት ብድር የወሰዱት ገበሬዎች ከ200 አይበልጡም ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆኑ። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ ላያስረዳ ይችላል፤ ይሄኛው ግን ያስረዳል። ገበሬ ባላየው ዕዳ አይገባም። ዘሩ የተዘራበትን የጎረቤቱን ማሳ አይቶ፣ አውድማው ላይ የወጣውን ቆጥሮ፣ ከዚያ ነው የሚፈርመው። መሥሪያ ቤቱ ቅርብ ባይሆን ኖሮ ይህ መተያየት በሦስት ዓመት አይሆንም ነበር።

ቅርበት የሚሰጠው ጥቅም ግን በብድር ብቻ አይለካም፤ በእውቀትም ነው፤ ይህም የበለጠው ይመስለኛል። አሰላ ላይ የተቋቋመው የእርሻ መሣሪያ ክፍል በበሬ የሚጎተት ማረሻ፣ መከስከሻና ጋሪ ሲሠራ ሙከራው የአርሲ አፈርና የአርሲ በሬ ነበር፤ የዚያ ወርክሾፕ ቅርስ ዛሬም በአሰላ የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከል ውስጥ አለ። የአርሲ ላም ከፍሪዥያን እየተዳቀለች የተገኘው ዝርያ ለገበሬው ተሰጠ፤ የአሰላ የወተት ሥራ ከዚያ ይጀምራል። የጥናት ክፍሉም የገበሬውን ኑሮ ቤት ለቤት እያጠና፣ አሰላ ላይ እየታተመ የሚወጣ የጽሑፍ ክምር ትቶ አልፏል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዚያው ዘመን ከከተማዋ በስተሰሜን የተተከለው የቁሉምሳ ምርምር ጣቢያ ነው። ስንዴ በአርሲ ደጋ ላይ ሰላም የለውም፤ ዋግ ይከታተለዋል። ‹‹እንኮይ›› የተባለው ስንዴ በአርሲና በባሌ ማሳውን ሁሉ ከሞላ በኋላ በ1986 ዓ.ም. ገደማ በግንድ ዋግ ወደቀ። ‹‹ቁብሳ›› ተተካ፤ እሱም በ2002 ዓ.ም. ክረምትና በቀጣዩ መኸር በቢጫ ዋግ ተመታ። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል የተባለው ‹‹ዲገሉ›› ማሳውን ሲረከብ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ መጥቶ እሱንም ጣለው። በእያንዳንዱ ውድቀት የዋጉን ዱቄት መጀመሪያ በጣቱ የሚነካው ገበሬው ነው። ተመራማሪው ከማሳው የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ቢኖርና በሪፖርት ብቻ ከሚሰማ ከሩቅ ከተማ ቢቀመጥ ልዩነቱ የሳምንታት ነው፤ ዋግ ደግሞ ሳምንታትን አይሰጥም። በእንግድነት የተተከለው ቢሮ ስሙ ከተለወጠ፣ ስዊድናውያንም ከሄዱ በኋላ ቁሉምሳ ዛሬም የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ዋና ቦታ ሆኖ መቀጠሉ፣ መሥሪያ ቤት ከሥራው አጠገብ ሲቀመጥ ሥሩ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ያሳያል።

እዚህ ላይ ግን ማቆም የአርሲን ታሪክ መዋሸት ነው። ካዱ ሲመጣ የጭላሎ መሬት ብዙው የባለርስት፣ አራሹም ጪሰኛ ነበር። ጪሰኛው ብድር ለማግኘት ባለርስቱ የፈረመበት የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት፤ ባለርስቱ ግን ለጪሰኛው መብት የሚሰጥ ወረቀት ለመፈረም ምን ምክንያት ነበረው? ደጁ ቅርብ ነው፣ ቁልፉ ግን በሌላ ሰው ኪስ ነው። ይባስ ብሎ፣ አዲሱ ስንዴና ማዳበሪያው የመሬቱን ዋጋ ሲያንሩት ባለርስቱ ትራክተር ቢያርስበት እንደሚያተርፍ አየ፤ ጪሰኛውም ተነሣ። ለድሃ ገበሬ የተከፈተው ቢሮ ባመጣው ብልጽግና ድሃው ገበሬ ከመሬቱ ተነቀለ። ይህን የመዘገበው የውጭ ተቺ ብቻ አይደለም፤ በ1964 ዓ.ም. ካዱ ራሱ አሰላ ላይ ያሳተመው የሄኖክ ክፍሌ ጥናት በትራክተር የሚታረስ እርሻ በገበሬው ላይ ያመጣውን መዘዝ መርምሯል። ድርጅቱ ብድሩን ወደ ትንሹ ገበሬ ለማዞር ደንቡን አጠበቀ፤ ስዊድናውያንም የመሬት ኪራይ ሕግ እንዲሻሻል ወተወቱ። ረቂቁ ግን ፓርላማ ገብቶ ሳይጸድቅ ቀረ። ዋናው ውሳኔ፣ የመሬቱ ውሳኔ፣ አሰላ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ብቻ የባለርስቱ ፊርማ አስፈላጊነት ቀረ። በማግስቱ ዓመት ካዱ ስሙ ‹‹አርዱ›› ተብሎ፣ ጢቾንና አርባ ጉጉን ጨምሮ መላውን አርሲ ያዘ፤ ይሁንና በዚያ ዘመን ደግሞ ዕቅዱና ዋጋው ከማዕከል ይወርድ ጀመር። የአንዱ ጌታ ደጅ ተዘግቶ የሌላው ተከፈተ ማለት ይቻላል።

ከዚህ ተነሥቶ ‹‹እንግዲያው ቅርበት ምን ይጠቅማል?›› የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱን ከሕንድ ማምጣት ይቻላል፤ ምክንያቱም እዚያም ጉዳዩ ወተት፣ ትንሽ ገበሬና ትንሽ ከተማ ነበር። በጉጃራት ግዛት አናንድ በተባለች ከተማ የካይራ አውራጃ ወተት አምራቾች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1946 ተመሠረተ፤ ‹‹አሙል›› በሚለው የንግድ ስም ዛሬ ሕንድ ሁሉ ያውቀዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ላል ባሃዱር ሻስትሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ አካባቢው ሄደው፣ በአንድ መንደር አድረው፣ ሥራውን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ይህን የመሰለ ነገር በመላ አገሪቱ የሚያስፋፋ ብሔራዊ የወተት ቦርድ እንዲቋቋም ወሰኑ። ሥራውን እንዲመሩ የተጠየቁት ቨርጌሴ ኩሪየን ዋና መሥሪያ ቤቱ ዴልሂ ሳይሆን አናንድ እንዲሆን አጥብቀው ጠየቁ፤ በዓመቱም እዚያው ተቋቋመ። አንድ ብሔራዊ ድርጅት በአውራጃ ከተማ መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህም የሚበልጠው ግን በደጁ የሚያልፈው ወተት ሻጭ የኅብረቱ ባለቤት መሆኑ ነው፤ ወተቱን ያስለካል፣ ሊቀመንበሩን ይመርጣል፣ ካልወደደ ይሽራል። ካዱ የጎደለው ይህ ነበር። ካዱ ለገበሬው ቅርብ ነበር፤ የገበሬው ግን አልነበረም።

አርሲ ውስጥም የዚህ ምሳሌ አለ፤ ነገር ግን የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ ብዙም አይወራለት። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽና መጨረሻ በሄጦሳ ወረዳ፣ ከባዳ ተራራ ምንጮች ተነሥቶ በራሱ ቁልቁለት የሚፈስ የመጠጥ ውኃ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ለገጠር ቀበሌዎችና ለትንንሽ ከተሞች እንዲደርስ ተደረገ። ዋተርኤድ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ረድቷል፤ ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ቧንቧውን የቀበረው የአገሬው ሰው ነው። ፓምፕ ስለሌለው ለናፍጣ የሚወጣ ገንዘብ የለም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከቧንቧው በኋላ የመጣው ነው፦ የመስመሩ አስተዳደር ተጠቃሚዎች ከየቦኖው ጀምረው በመረጧቸው ኮሚቴዎችና ቦርድ ሥር ሆነ፤ ገንዘቡ ከተጠቃሚው ይሰበሰባል፣ ቧንቧ ጠጋኙ ከዚያ ይከፈለዋል። ውኃ የምትቀዳ ሴት ቦኖው ሲደርቅ ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለች፤ የምትጠይቀውም ሰው መልሶ የመመረጥ ጉዳይ አለበት። ግንቡ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ በእኔ መለኪያ ይህ ዋና መሥሪያ ቤት ነው።

ተቃውሞዎቹን በአግባቡ እንስማ። የመጀመሪያው ከባንክና ከትልልቅ ኩባንያዎች ወገን የሚመጣ ነው፦ ዋና መሥሪያ ቤት ከብሔራዊ ባንክ፣ ከሚኒስቴሮች፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ መሆን ግድ ይለዋል። ይህ እውነት ነው። የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ 209 ሜትር ቁመቱን ይዞ አሰላ ቢቆም ለማንም አይጠቅምም ነበር። ነገር ግን የሕንፃው ቦታና የውሳኔው ቦታ አንድ መሆን የለባቸውም። የቢራ ገብስ የሚያመርት ማኅበር መጋዘን መሥሪያ ብድር ሲጠይቅ፣ መጠኑ ከፍ ሲል ፋይሉ ወደ ላይ ይሄዳል፤ እዚያ የሚያነበው ሰው በጭላሎ ገብስ ከኅዳር በፊት ገንዘብ እንደማያመጣ ላያውቅ ይችላል። መጠየቅ ያለበት ሕንፃው የት ይቁም ሳይሆን የትኛው ውሳኔ ወደ አሰላ ይውረድ ነው። ለአካባቢው ሕዝብ የቆመ ዋና መሥሪያ ቤት አንዳንድ ጊዜ ሥልጣኑን አሳንሶ የሚያካፍል መሥሪያ ቤት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ከአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ መውረድ ይበቃል። ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካውን ሲከፍት ለሠራተኛው መኖሪያ፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ሠራ። ከብዙ የመንግሥት ከተሞች የተሻለ አገልግሎት ነበረው። ቤቶቹ ግን በደረጃ የተለዩ ነበሩ፤ ውሳኔውም ከአምስተርዳም ይመጣ ነበር፤ መሬቱን ለግጦሽና ለኑሮ ይዞት የነበረው የኦሮሞ አርብቶ አደር ደግሞ ከሸንኮራው አጥር ውጭ ቀረ። ሐኪም ቤቱ ድርጅቱ ለጎረቤቱ ያለበትን ዕዳ ሁሉ አይከፍልም ማለቴ ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው ‹‹እምቢ›› የሚልበት ቦታ ከሌለው ስጦታው የጌታ ድርጎ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ኩባንያ ትርፍ ለማግኘት የቆመ ነው፣ የአካባቢን ችግር መሸከም የመንግሥት ሥራ ነው ይላል። አሰላ ላይ ይህን የሚፈትን አንድ ድርጅት አለ። በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የአገሪቱን ቢራ ጠማቂዎች ከውጭ ከሚመጣ ብቅል በከፊል ያላቀቀ፣ የአርሲና የባሌን ገብስ ወደ ገንዘብ የለወጠ ፋብሪካ ነው፤ በኋላም ከመንግሥት እጅ ወደ ኦሮሚያ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ፌዴሬሽን ዞሯል። የብቅል ሥራ ምን ይፈልጋል? ገብሱ ሕይወት ያለው መሆን አለበት፦ ከመቶ ፍሬ ቢያንስ 95ቱ መብቀል አለባቸው። ፕሮቲኑም ከ9 እስከ 12 በመቶ ባለው ገደማ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከበለጠ ቢራው ይደፈርሳል፣ ከብቅሉ የሚወጣውም ጭማቂ ያንሳል። ፕሮቲኑን ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ገበሬው የረጨው ዩሪያ ነው። መብቀሉን ከሚገድሉት ደግሞ ኮምባይነሩ ፍሬውን መስበሩ፣ እርጥብ ገብስ ጆንያ ውስጥ መታፈኑ፣ ነጋዴ ዝርያ ከዝርያ መቀላቀሉ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ፋብሪካው ግቢ ከመድረሳቸው በፊት፣ በዲገሉና ጢጆ ወይም በሌሙና ቢልቢሎ ማሳ ላይ፣ በገበሬው እጅ ይወሰናሉ። ሆልከር የተባለውን የገብስ ዝርያ ለአሥርት ዓመታት የዘራ ገበሬ ትራቭለር ወይም ግሬስ የተባሉትን አዳዲስ ዝርያዎች ሲቀበል የዩሪያውን መጠን አብሮ ካልተማረ ጥፋቱ የሁለቱም ነው። ስለዚህ ለብቅል ፋብሪካ ለጎረቤቱ ደጁን መክፈት በጎ አድራጎት አይደለም፤ ጥሬ ዕቃውን መጠበቅ ነው። ትርፍ የሚባለው እዚያው ማሳው ላይ ይጀምራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ አንድ ነገር ይጨምራል፤ የሚያነሱትም ገጠሩን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሥልጣን ወደ ታች ሲወርድ የሚረከበው ድሃው ሳይሆን የአካባቢው ባለ አቅም ነው፤ ኮሚቴው የአንድ ቤተሰብ፣ ብድሩ የአንድ ቀበሌ ይሆናል ይላሉ። የባለርስቱን ፊርማ ታሪክ ያወሳ ሰው ይህን ሊክድ አይችልም። ነገር ግን መድኃኒቱ ሥልጣኑን ወደ ሩቅ መመለስ አይደለም፤ ሩቅ ያለ አለቃ የአካባቢውን ጉልበተኛ አይቆጣጠርም፣ እንዲያውም ወሬውን የሚሰማው ከእሱው ነው። ጉልበተኛ የሚፈራው መዝገቡ በጎረቤቶቹ ፊት ሲነበብ ነው። ለአርሲ ኦሮሞ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ነገር የሚቆረጥበት ሥርዓት የራሱ ነው። ከዚያ ጉባኤ ሴቶች ሲገፉ የመብታቸው ምልክት የሆነውን በትር፣ ሲንቄያቸውን፣ ይዘው የሚወጡትም በዚሁ አገር ነው።

ባለሙያ ትንሽ ከተማ አይኖርም የሚለውን ደግሞ ታሪኩ ራሱ መልሶታል፤ የአሰላ ወርክሾፕና የቁሉምሳ ቤተ ሙከራዎች ባዶ ሆነው አልኖሩም። ባለሙያ የሚሸሸው ትንሽ ከተማን ሳይሆን ሥራ የሌለበትን ቢሮ ነው።

እንግዲህ አሰላ ላይ ለገብስ ገበሬው የቆመ ዋና መሥሪያ ቤት ምን ይመስላል ብለን ብንጠይቅ፣ መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው ግንብ ሳይሆን አንድ መስኮት ነው፦ ገበሬው እህሉን ከመሸጡ በፊት ናሙናውን የሚያስመረምርበት፣ ውጤቱም ከነምክንያቱ በእጁ የሚሰጥበት። ለፕሮቲኑ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ለመብቀሉ ግን ጨርቅና ውኃ ይበቃል። ጠላ የምትጠምቅ የአሰላ እናት ይህን ሥራ ከማንም በፊት ታውቀዋለች፤ ገብሷን ነክራ፣ በቅጠል ሸፍና፣ ያልበቀለውን በዓይኗ ለይታ ‹‹ይህ ገብስ ሞቷል›› ትላለች። መስኮቱም ላይ የሚደረገው ያው ነው። መቶ ፍሬ በገበሬው ፊት ይቆጠራል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ስሙ ይጻፍበታል። በሦስተኛው ቀን ገበሬው ተመልሶ ይመጣል፤ ጨርቁ ይፈታል፤ የበቀሉትን ከመርማሪው ጋር አብሮ ይቆጥራል።